አንገትን ማስተማር

ማይ አሁንም ዞረ። አጎቱ ቢየል በያዘው ልምጭ ትከሻውን ሾጥ አደረገውና ወደ ጎጆው ደጃፍ መለሰው። ከእንስራው ውሃ ቀድቶ ሳህኑን እስከ አፉ ሞላለት።

«እንደገና» አለው። «ከኋላህ ማንም ምንም ቢል አትዞርም።»

ልጁ ሳህኑን ይዞ ከደጃፉ እስከ አጥሩ በር መሄድ አለበት። ከኋላው ይሰደባል። ከዞረ ይገረፋል፣ ውሃውን ካፈሰሰም ይገረፋል። ነገ ማለዳ ወደ ጎሬ በሚወጣ የጭነት መኪና ተሳፍሮ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። እዚያ ምግብ በሰልፍ ነው፤ ሰልፍ ባለበት ደግሞ አፍ አለ። አምና ከዚሁ ሰፈር የሄደው ልጅ ሰልፍ ላይ የሰደበውን ተማሪ መንጋጋ ሰብሮ፣ የገና በዓል እንኳ ሳይደርስ ተባረረ። አሁን ኢታንግ ገበያ ጆንያ እያወረደ ያገኘውን ይጠጣበታል።

ቢየል በልጅነቱ ኩባ ተልኮ የተማረ ነው፤ ጋምቤላ ክልል በሆነች ማግስት ተመለሰ። እህቱ ኛቹዎል ለልጇ ምን እንደምታዘጋጅለት ስትጠይቀው ብርድ ልብስ ይለኛል፣ ሣጥን ይለኛል ብላ ነበር። እሱ ግን አንገቱን እናዘጋጅለት አላት። ከዚያ ወዲህ ከራሱ ጋር ሲሟገት ሰነበተ፤ ቢሆንም ከዚህ የሚሻል ስንቅ አልታየውም።

ኛቹዎል ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ታያለች። ይህ ልጅ ትንሽ ሳለ ተመትቶ እያለቀሰ ሲመጣ በሩን ዘግታ፣ መልሰህ ሳትመታ እንዳትገባ ያለችው እሷ ናት። ስድብ የሚውጥ ወንድ ከብቱን ሲነዱበትም ዝም ይላል ብላ ያሳደገችውን፣ አሁን ወንድሟ በልምጭ ያስረሳዋል።

ችግሩ ልጁ የሚዞረው በንዴት ሳይሆን በሳቅ መሆኑ ነበር። «አጎቴ፣ ስትሳደብ እኮ የፈተና ጥያቄ የምታነብ ነው የምትመስለው» አለው።

ቢየል ይህን ሲሰማ አጥር ተሻግሮ ጋሽ ገሠሠን ይዞ መጣ። ገሠሠ ከደጋ መጥቶ እዚሁ ያረጀ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነው፤ የሰፈሩን ቁስል ሁሉ ያጠበ፣ ማይን ራሱን ከወባ ሁለቴ ያስነሳ። የተፈለገበትን ሲነግሩት አፈረ። እኔ የምን ተሳዳቢ ነኝ፣ ባይሆን መርቄ ልሸኘው አለ። ቢየል ለመነው።

ገሠሠ ጉሮሮውን ጠራረገና «አንተ ሰነፍ» አለ። ማይ ዞሮ ሳቀ፤ ልምጩ አረፈበት። «አንተ ቀውላላ።» ደግሞ ሳቀ፤ ደግሞ ተገረፈ።

«እንደሱ አይደለም ጋሼ» አለ ቢየል። «እንደምታውቀው በለው።»

ሽማግሌው መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ ያቺን ቃል አወጣት። ከእሷ ጋር የሚሄደውንም ሁሉ፣ የአፍንጫውን፣ የከንፈሩን፣ የተወለደበትን ማሕፀን፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ሳይደናቀፍ አከታትሎ አወረደው። ይህ ዛሬ የተለማመደ አፍ እንዳልሆነ ሁሉም ገባቸው፤ ከሁሉም በፊት የገባው ለራሱ ለገሠሠ ነው።

ማይ ዞሯል። አልሳቀም። ሳህኑ መሬት ላይ ወድቋል፤ እጁ ተጨብጧል።

ቢየል በሙሉ ኃይሉ ገረፈውና ሳህኑን አንሥቶ ሞላለት። «ድገምለት ጋሼ።»

ገሠሠ ደገመለት። ልጁ መዞሩን እስኪተው፣ ከዚያም ትከሻው መሸማቀቁን እስኪተው ደገመለት። ሲያበቃ ድምፁ ሰልሎ ነበር። ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።

አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነውና ኛቹዎል የዚያችን ቃል ትርጉም ጠየቀች። ቢየል በኑዌርኛ ነገራት። ሰው እንደ ከብት ሲሸጥ የሚጠራበት ነው አላት።

«አሁን አንቺ በይው» አላት።

«የወለድኩትን?»

የባዳውን ቻለ፤ የእናቱን አፍ የቻለ እንደሆነ ግን ማንም አይጥለውም አላት። እምቢ አለች። ካላልሽው ለገና ደጅሽ ላይ ሰክሮ ታገኚዋለሽ አላት። ይህን ሲል ለልጁ አስቦ ይሁን፣ እሱ ብቻውን የተሸከመውን የዚህን ትምህርት ዕዳ ሌላም ሰው እንዲሸከመው ፈልጎ ይሁን፣ ለራሱም አልለየለትም።

ማይ ሳህኑን ይዞ መንገድ ጀመረ። እናቱ ከኋላው ያቺን ቃል አለችው። በአፏ ውስጥ ተሰባብራ ነው የወጣችው፤ ቢሆንም ወጣች። ልጁ አልዞረም። እርምጃው እንኳ አልተዛነፈም።

«በቃ» አለ ቢየል። «ተምሯል።» ልምጩን ጣለ።

ኛቹዎል ተነሥታ ልጇን በስሙ ጠራችው፣ ጡት ይጠባ በነበረ ጊዜ ባወጣችለት በቤት ስሙ። ና፣ አልቋል፣ ራትህን ብላ አለችው በኑዌርኛ። ማይ የአጥሩ በር ደረሰ፤ አልቆመም። በሩን በጉልበቱ ገፍቶ ወጣ።

እንደገና ጠራችው፤ ጎረቤት በሙሉ እስኪሰማ። ቢየልም ሊጣራ አፉን ከፈተ፤ ምን ብሎ እንደሚጠራው ግን ጠፋው። ልጁ ወደ ባሮ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል፤ ከሳህኑ አንዲት ጠብታ ውሃ አልወደቀችም።