የመጨረሻዋ ጠርሙስ

የውኃ መርማሪዋ ከተራራው ወንዝ የቀዳቻቸውን ጠርሙሶች ስትመረምር ውላ ወገቧ ተቆርጦ ነበር። የመጨረሻዋን፣ ከእህቷ ቤት አጠገብ የተቀዳችውን፣ ለነገ ልተዋት ብላ ነበር፤ እጇ ግን እንደለመደው መመርመሪያውን ዱቄት ጨመረባት። እንደ መስተዋት የጠራው ውኃ ወደ ሮዝ ተለወጠ፤ ለሕፃን መርዝ የሚሆን የማዳበሪያ ናይትሬት ነበረበት።

ለእህቷ ስልክ ደወለች። «እታለም፣ የልጁን የዱቄት ወተት በምን ትበጠብጪዋለሽ?»

«በወንዙ ውኃ ነዋ። አፍልቼ ነው፣ አትስጊ።»

«ማፍላት መርዙን ያበረታዋል እንጂ አያጠፋውም። የተመረዘ ሕፃን ከንፈሩ ይጠቁራል፤ እስቲ የልጁን እይልኝ።»

እህቷ ሕፃኑ ወደተኛበት ሄዳ አየችና፣ «ጠቆር ብሏል» አለች። «ብርድ መስሎን እኮ ስንደራርብለት ሰነበትን።»

«አሁኑኑ ሐኪም ቤት ይዘሽው ሂጂ። ናይትሬት ያለበት ውኃ ጠጥቷል በያቸው።»

በስልኩ ውስጥ፣ ከእንቅልፉ የተነሣው ሕፃን አለቀሰ። መርማሪዋ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች፤ የልጅ ለቅሶ እንደዚያ ቀን ጣፍጧት አያውቅም።