ቀጮ ያልተቀመጠችበት ጣሳ

ቀጮ ሰባተኛውን ጣሳ አሽትታ አለፈችው። ስምንተኛውን፣ ዘጠነኛውን፣ አሥረኛውንም። መጨረሻ ላይ ዞር ብላ አየችኝ። አልተቀመጠችም።

«ባርባዲ!» አልኳት፣ ፈልጊ ማለቴ ነው። ውሻዬ ትእዛዝ የምትሰማው በኦሮምኛ ነው፤ በእናቴ ቋንቋ ነው ያስተማርኳት። ደገመችው። አሥሩም ጣሳ ውስጥ አንድ በአንድ አፍንጫዋን እየከተተች አለፈችና ተመልሳ እግሬ ሥር ቆመች።

ከመስኮቱ ማዶ ዶክተር ዙህራ ወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። ከአዲስ አበባ አዳማ ድረስ የመጣችው ለዚህ ፈተና ነው። ከአሥሩ ጣሳ በአንዱ ውስጥ ካንሰር የያዘው ሰው በብብቱ ይዞት ያደረ ጨርቅ አለ፤ በዘጠኙ የጤነኞች ጨርቅ። ቀጮ የታማሚውን ስታገኝ ፊቱ ቁጭ ማለት አለባት። አምስት ዙር ነው፤ አራቱን አግኝታለች። አንድ ከሳተች ይሄ ካንሰር የማሽተት ሥራ ይዘጋና ሁለታችንም ወደ መጣንበት መጋዘን እንመለሳለን፤ እኔ ዘበኛ፣ እሷ የዘበኛ ውሻ ሆነን።

«ጋሽ ጋሮምሳ፣ አንዱ አመለጣት» አለች ዶክተር ዙህራ በሩን ከፍታ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው ያለችው። ማዘኗ ነው የባሰ ያናደደኝ።

«አላመለጣትም።»

«ሁለቴ ዞራለች እኮ!»

«ሁለቴ ዞራ የለም ካለች የለም። ዶክተር፣ ይቺ ውሻ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ በውሸት ተቀምጣ አታውቅም። ሽልማቷን ሥጋ በእጄ ይዤው እያየች! ጣሳውን ይክፈቱልኝ።»

ሰፈር ውስጥ «መምህር» እያሉ የሚጠሩኝ ሊያሾፉብኝ ነው። ውሻ አስተማሪ ሲሉ ይሰማኛል፣ አልፌያቸው እሄዳለሁ። በዚያች ደቂቃ ግን ሰፈሩ ሁሉ ቢሰለፍብኝ ከቃሌ አልመለስም ነበር። በሰው ላይ እንኳ እንደዚያ ተማምኜ አላውቅም።

ዶክተር ዙህራ ዝርዝሯን አየች። የታማሚው ሰባተኛው ነበር። ጓንት አጥልቃ ጨርቁን አወጣችው። አራት ቦታ ታጥፏል፣ የካውያው መስመር ጥርት ብሎ ይታያል። እኔ ገና ሳልጠጋ ሳሙናው ሸተተኝ።

የጨርቁ ባለቤት እማማ አሰለፈች በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። የጡት ካንሰር እንዳለባቸው ተነግሯቸው ሕክምናቸውን ሊጀምሩ አንድ ሳምንት ቀርቷቸዋል። ጨርቁን ራሳቸው በፕላስቲክ አሽገው ስላመጡት ከፍቶ ያየው ሰው አልነበረም።

«እማማ፣ ይሄን አጥበውታል እንዴ?» አልኳቸው።

«ታዲያ! ሲያልበኝ ያደረ ጨርቅ ለሰው ልሰጥ ኖሯል? ምን ያለች ዝርክርክ ናት ልትሉኝ? አጥቤ፣ ተኩሼ ነው ያመጣሁት።»

«አይጠብ ብለናል እኮ፣ እማማ» አለች ዶክተር ዙህራ።

«ብላችኋል። እንዳልቸገር ብላችሁ፣ በይሉኝታ መስሎኝ ነዋ የኔ ልጅ!»

ዶክተር ዙህራ ሳቋን መያዝ አቃታት። እኔን ግን እንባዬ ነው የቀደመኝ። ቀጮዬ ልክ ነበረች፤ የሌለውን የለም ብላለች፣ አለቀ።

ጨርቁ ስለተበላሸ ዙሩ አይቆጠርም ተባለ። እንደ አዲስ ሊደገም ስለሆነ ዘጠኝ ጤነኛ ሠራተኞችና ጎረቤቶች ተጠርተው፣ ከእማማ ጋር አግዳሚው ላይ በብብታቸው ጨርቅ ይዘው ተደረደሩ። ሌላ አገር ቢሆን ሌሊቱን ማሳደር ያስፈልግ ነበር። የአዳማ ሙቀት በግማሽ ሰዓት ጨረሰው።

ጣሳዎቹ ሲደረደሩ እኔና ቀጮ ውጭ ቆየን። እማማ «እኔም ልየው» ብለው ከዶክተሯ ጋር መስኮቱ ጋ ቆሙ።

ገባን። አንደኛውን አለፈችው። ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ላይ ጅራቷን መወዝወዝ ተወች፤ አፍንጫዋን ከተተች፣ አወጣች፣ መልሳ ከተተች። ከዚያ ቁጭ አለችና ቀና ብላ አየችኝ። በመስኮቱ በኩል ዶክተር ዙህራ ዝርዝሯን አይታ እጇን አነሳችልኝ።

«ጀባዱ! ጎበዝ! የኔ ጀግና!» ጮህኩ። ሥጋዋን አጎረስኳት፣ አንገቷን አቀፍኳት፣ ልጨፍር ምንም አልቀረኝ። ቀና ስል እማማ አሰለፈችን አየኋቸውና እጄን ከቀጮ አንገት አነሳሁ። እኔ እንዲህ የምሆነው እኮ እሳቸው ውስጥ ባለው በሽታ ነው። መግቢያ ጠፋኝ።

እሳቸው እያጨበጨቡ ነበር። እያጨበጨቡ ገቡ።

«ምነው ተውካት? አመስግናት እንጂ! እኔ እኮ ምን እንደያዘኝ እስኪነገረኝ ስምንት ወር ተንከራትቻለሁ። እቺ ሦስት ጣሳ ፈጀባት!» ቀጮን ቁልቁል ሲያዩዋት ቆዩና «ጨርቅ ተርፏችኋል?» አሉኝ።

«ለምን፣ እማማ?»

«ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ። ትልቋ እዚሁ ናት፣ ትንሿ ሞጆ። ምንም አላመማቸውም። እኔንም መጀመሪያ ላይ አላመመኝም ነበር።»

ዶክተር ዙህራን አየኋት። «ፈተናውን አልፋለች» አለች፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሰው መቀበል ትችላላችሁ። ግን እማማ፣ ውሻዋ ብቻዋን አትበቃም። ልጆቹ ሐኪም ዘንድም መታየት አለባቸው።»

«እሱን ለኔ ተዪው፤ እየጎተትኩ እወስዳቸዋለሁ።»

ጓንቴን አጥልቄ ከካርቶኑ ሁለት ንጹሕ ጨርቅ አወጣሁ። እማማ አሰለፈች ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ከኔ ከዘበኛው፣ ጎንበስ ብለው፣ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።