ሰው የማይጠራው ስም

እንዳልካቸውና ማህሌት መካነ ኢየሱስ የደረሱት ክረምቱ ሊገባ ሲል ከስማዳ በመጣ አውቶቡስ ነው። እሱ የእንግሊዝኛ መምህር፣ እሷ ነርስ። የእትዬ ሐረገ ወይንን የጓሮ ቤት ተከራዩ። ይዘውት የገቡት ዕቃ ብዙ አልነበረም፤ አንድ ሻንጣ፣ አንድ ፍራሽና አንድ ወንድ ልጅ።

ልጁን በስም የሚጠራው አልነበረም። ጎረቤቱ «ስም ሳይወጣለት ጥርስ አወጣ» እያለ ሳቀ። እትዬ ሐረገ ወይን ግን አልሳቁም፤ ማህሌት «ልጅ አልቆመልንም» ብላ ነግራቸዋለች። እውነቷን ነው፤ ባልና ሚስቱ ሁለት ልጅ ቀብረዋል። ልጅ የማይቆምለት ሰው ስም ቢያዘገይ፣ ስም ቢደብቅ ማን ይፈርድበታል?

«ክርስትናውስ?» አሉ እትዬ ሐረገ ወይን አንድ ቀን።

«አገር ቤት ተነስቷል።»

«የክርስትና ስሙን ማን አሉት?»

ማህሌት ጎንበስ ብላ የልጁን አፍ ትጠርግ ጀመር።

«ደግ አደረግሽ ልጄ! ለኔም አትንገሪኝ። የክርስትና ስም ጠላት ጆሮ ከገባ መመለሻ የለውም።»

እንዳልካቸው መፍትሔው ስልኩ ውስጥ አለ ብሎ አመነ። ስኮትላንድ የሚባለው አገር ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ለወንድ ልጅ የሚያወጡትን ስም አገኘና በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር።

«የፈረንጅ ለምን አስፈለገ መምህር?» አሉ እትዬ ሐረገ ወይን።

«ሰው የማይጠራው ስም ፈልገን ነው።»

«እኔ የማውቀው ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል ነው። እናንተ ከስልክ ታወጣላችሁ?»

«ዱንካን» አለ እንዳልካቸው።

«ድንኳን? የሰርጉን ነው የለቅሶውን?»

ማህሌት ልጁን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «እሱን ተወው» አለች።

«ፈርገስ።»

«የሰፈር ልጅ ፈረስ ብሎ ይጋልበዋል።»

«ካለም። በነሱ ቋንቋ ርግብ ማለት ነው ይላል።»

እትዬ ሐረገ ወይን አሰብ አደረጉ። «ከዓለም… ይሁን። ከዓለም ሁሉ ለናንተ የሰጣችሁ እንደማለት ነው። ያሳድግላችሁ።»

ልጁ ካለም ተባለ። ስሙን ግን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። «ካለም! ካለም!» ሲሉት ጣቱን እየጠባ ግድግዳ ያያል። እንዳልካቸው ጆሮው ይሆን ብሎ ሰጋና ከኋላው አጨበጨበ። ልጁ ዞር ብሎ ሳቀ።

«ይለምደዋል» አለች ማህሌት የዱቄት ወተቱን እየበጠበጠች።

በዚያው ሳምንት እትዬ ሐረገ ወይን ከገበያ ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

«በሩን ዝጉት! አንዲት ሴት ከተማ ገብታለች አሉ። ጥቁር የለበሰች፣ ንፋስ የሚወስዳት ከሲታ። በየደጁ እየቆመች ‹እዚህ ወንድ ልጅ አለ ወይ? ስሙ ማነው?› ትላለች። ልጅ ባየች ቁጥር አፍጥጣ ታይና ታለቅሳለች። ከሐኪም ቤት የወጣች ናት፣ ጭንቅላቷ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ቡዳ ናት ባይ ነኝ።»

«ከየት መጣች አሉ?» አለች ማህሌት።

«ከስማዳ፣ በእግሯ። በዚያ ስትመጡ አልሰማችሁም?»

«እኛ የጋይንት ሰዎች ነን» አለ እንዳልካቸው ቶሎ ብሎ።

ማህሌት በቡዳ አታምንም። ቢሆንም እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁን ፀሐይ ማሞቅ ተወች። መስኮቱን በነጠላ ጋረደችው። ልጁ ሲያለቅስ አፉን በእጇ ትሸፍንና፣ መልሳ እጇን አይታ እሷም ታለቅሳለች። እንዳልካቸው በበኩሉ ውሻ በጮኸ ቁጥር ብድግ ይላል። ስለ ምን እንደሚፈሩ ሁለቱም አፍ አውጥተው አልተነጋገሩም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ።

«እዚህ ልጅ የለም!» አሉ እትዬ ሐረገ ወይን ከውስጥ።

«ድምፁን ሰማሁ እኮ እናቴ።»

«የጎረቤት ነው! በስመ አብ! ሂጂ ከደጄ!»

ሴትዮዋ አልሄደችም። ከበሩ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ማህሌት በቆርቆሮው ቀዳዳ አየቻትና ልጁን አቅፋ ወደ ጓሮ ሮጠች።

«ትወስደዋለች» አለች ለባሏ። «እንዳልካቸው፣ ትወስደዋለች።»

«ስሙን ሳታውቅ ምን ታመጣለች?» ብለው አጽናኗት እትዬ ሐረገ ወይን።

በማግስቱ ጧት ሴትዮዋ ወደ ቤተ ክርስቲያን እስክትሄድ ጠበቁና በጓሮ ወጡ። እትዬ ሐረገ ወይን የሰው ልጅ ጭንቅ ሆነባቸውና ሻንጣውን ተሸክመው እስከ መናኸሪያ ሸኟቸው። የደብረ ታቦሩ አውቶቡስ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ማህሌት መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጣ ልጁን እቅፏ ውስጥ ደበቀችው።

«አንድ ሰው! የቀረን አንድ ሰው ነው!» ይላል ረዳቱ።

እንዳልካቸው ያንን ሰው ፈጣሪ ቶሎ እንዲያመጣው ለመነ።

ፈጣሪም አመጣው። በበሩ የገባችው ጥቁር የለበሰችው ሴት ናት። የበሩን ብረት ይዛ ቆመችና ተሳፋሪውን ፊት በፊት ታይ ጀመር። ለመሰናበት የገቡት እትዬ ሐረገ ወይን ነጠላቸውን አውልቀው ልጁ ላይ ጣሉበት፤ መተላለፊያውን በሁለት እጃቸው ዘጉት።

«ስሙን እንዳትነግሯት!» ብለው ጮኹ። «ማንም አፉን እንዳይከፍት!»

ተሳፋሪው ሁሉ አማተበ። ማህሌት ዓይኗን ጨፈነች።

ሴትዮዋ ግን የማንንም ስም አልጠየቀችም።

«ቢሻው!» አለች።

ልጁ ነጠላውን ከፊቱ ገፎ ሁለት እጁን ዘረጋላት፤ «እማ!»