ማን ዳረሽ?

ዓዲላ የመጀመሪያውን ቅል ውሃ በማህጁብ ቀኝ ትከሻ ላይ አፈሰሰች። ውሃው ደሙን ይዞ በቀርከሃው አልጋ ክፍተት ወደ መሬት ወረደ።

«ዓይንሽን አታሽሺ» አለቻት አሮጊቷ ሰዕዲያ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሚስት ባሏን እንዲህ እያፈረች አታጥብም። ዘበኞቹ በአጥሩ ቀዳዳ ያዩሻል።»

ሰዕዲያ ዕድሜዋን ሙሉ የሴት ሬሳ ስታጥብ የኖረች ናት፤ ወንድ አትነካም። ስለዚህ ጥግ ይዛ ለማጠቢያው የቁርቁራ ቅጠል እየወቀጠች በቃል ትመራታለች። ሚስትነቷ ውሸት መሆኑን ግን ልጅቱ ቅሉን ካነሳችበት ጊዜ ጀምሮ አውቃለች።

አገሩን የሚገዛው ሸኽ ባሪያ አድርጎ ለግብር ሊሰጣቸው ያሳፈሳቸው ሰዎች የታጎሩበትን ግቢ ከፍቶ የለቀቃቸው ማህጁብ ነው። ተገደለ። ሬሳው ለጅብ ይጣል፣ የነካው ወንድ በአምላጮቹ ፈንታ ይነዳል ተባለ። ይኼኔ ስንቱ ፎካሪ ወገቡን አመመው። ቀዳዳ የተወው ቃዲው ብቻ ነበር፤ ሚስት ባሏን ብታጥብ ሸኹም አይከለክላትም፣ የታጠበም ሳይቀበር አያድርም አለ። ማህጁብ ግን ሚስት አልነበረውም። ዓዲላ ከሴቶቹ መሀል ተነስታ «ሚስቱ እኔ አለሁ» አለች።

ወንዝ ወርዳ ወርቅ ስታጥብ እሱ ከማዶ ሆኖ ሰላም ይላታል፣ ትመልስለታለች። በመካከላቸው የነበረው ይኸው ነው፤ እጇን እንኳ ይዞ አያውቅም። አሁን መዳፉን ከፍታ ስታጥበው ጣቶቹ ቀስ ብለው በእጇ ላይ ታጠፉ።

እጇን አላወጣችም።

«ሬሳ እንዲህ ያደርጋል» አለች ሰዕዲያ። ዘነዘናዋን እያነሳች ደግሞ «አንዳንዱ» አለች።

በከፈን ጠቅልላው ስትወጣ የሸኹ ዘበኛ ኻሚስ በሩ ላይ ይጠብቃታል። አባቷ ዐወድ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ኻሚስ ጠዋትም ማን እንደዳራት ጠይቋት «ካጠብኩት በኋላ» ብላ መልሳው ነበር። ጋብቻ ያለ አባት ፈቃድ አይታሰርም። ዛሬ ደግሞ ለማህጁብ ልጁን የሰጠ ሰው አንገቱ አይተርፍም።

«እስቲ ሙሽራዬ፣ ሰርግሽ ላይ ሳትጠሪኝ ቀረሽ» አለ ኻሚስ። «ማን ዳረሽ?»

ዐወድ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ» ሊል እንደሆነ ከአገጩ አወቀች፤ የማይመለስበትን ነገር ሊናገር ሲል አገጩን ያነሳል። ቀደመችው።

«ማንም አልዳረኝም። ራሴ ሄድኩለት። አባቴ ሰምቶ ቢሆን ያኔውኑ አርዶኝ ነበር፤ ለአንተ አልተርፍም።»

 የዝሙት ቅጣት ምን እንደሆነ የማያውቅ እዚያ አልነበረም። ዐወድ ግንባሩን ከአጥሩ ቀርከሃ ጋር አጣበቀ።

«ሚስቱ ካልሆንሽ ማጠብሽም ሐራም ነበር» አለ ኻሚስ፣ እንደ ተታለለ ሰው።

«ታጥቧል። መልሰህ ልታቆሽሸው ነው?»

 ኻሚስ በጠበንጃው አፈሙዝ መንገዱን አሳያት፤ እሷም ወደ ሸኹ ግቢ የሚወጣውን ዳገት ከፊቱ ሆና ጀመረችው። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ ቅጠል አይነቃነቅም። ከኋላዋ የኻሚስ ጫማ ጠጠሩን እየፈጨ ይከተላታል። ከጫማው ጎን ግን ሌላ እግር ይሰማታል፤ ባዶ፣ እርጥብ፣ ውሃ እያንጠባጠበ የሚራመድ።

ዞር አላለችም። እርጥቡ እግር እንዲደርስባት ብላ እርምጃዋን ቀነሰች።