ጥያቄው ለአምበሏ ነው

በየካቲት አውሎ ነፋሱ መጣ። ካሳቫው ከነሥሩ ተነቀለ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ከባሕር ውስጥ ተለቀመ። መጋቢት ሙሉውን ዘነበ። ሚያዝያን ሰው በእርዳታ ሩዝ ገፋው። በግንቦት ወንዶቹ ቤት ሊሠሩ ተበተኑና የራግቢ ውድድራቸው ቀረ። ሴቶቹ ግን የእኛ አይቀርም አሉ።

ዳኛ ከዋና ከተማዋ ከሱቫ መምጣት ነበረበት፤ መርከቡ ተሰብሮ ቀረ። ስለዚህ ፔናያን ለመኑት። ፔናያ ሃያ ዓመት ወንዶችን ዳኝቷል። ለሴቶች ግን አንድ ቀን ፊሽካ ነፍቶ አያውቅም።

ምክንያቱን አገር ያውቀዋል። የናይሳሌ መንደር ሴቶች ቡድን አምበል ቶሪካ እህቱ ናት። በእኛ ደሴት ወንድምና እህት አካለ መጠን ሲደርሱ አይነጋገሩም፣ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። መከባበር ነው። ሁለቱ አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ሃያ አራት ዓመት ሆኗቸዋል።

ፔናያ እሺ አለ፤ አልተጨነቀም። ለአምበሏ የሚነገር ነገር ሲኖር ዘጠኝ ቁጥሯን ሴሬማን ይጠራል።

“ለአምበልሽ ንገሪያት። መስመሩን አትለፍ።”

ቶሪካ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማለች። ሴሬማ ዞረች። “መስመሩን አትለፊ ተብለሻል።”

“ሰምቻለሁ በይው።”

“ሰምታለች፣ ጋሽ ፔናያ።”

ከሜዳው ዳር ሳቅ ተነሣ። አሮጊቷ ቫራኒሴሴ የተጋጣሚው መንደር የዋይኒሳቪ ሰው ናት። የዋይኒሳቪ ሰው ፔናያን እንዳሻው መስደብ ይችላል፤ ከአያት ቅድመ አያት የመጣ የቀልድ ዝምድና ነው፣ መቆጣት ነውር ነው።

“ፔናያ፣ ያ ፊሽካ ነው ወይስ የሚስትህ ማንቆርቆሪያ?”

“ማንቆርቆሪያው ነው፣ እማማ። ሻይ ሲደርስ እጠራዎታለሁ።”

ጨዋታው ጥሩ ነበር። ሴቶቹ ይሮጣሉ፣ ይጋጫሉ፣ ይነሣሉ፤ እንደ ወንዶቹ መሬት ላይ ተኝተው አያቃስቱም። ፔናያ ፈጥኖ ያያል፣ ፈጥኖ ይነፋል። የተከራከረው የለም።

ነገሩን ቀድማ የነቃችበት የዋይኒሳቪዋ ስድስት ቁጥር ኡናይሲ ናት። ዓሣ አጥማጅ ናት፤ ክንዷ መቅዘፊያ ያህላል። ቶሪካ ኳስ በያዘች ቁጥር የዳኛው ዓይን መሬት እንደሚወርድ አየች። ከዚያ በኋላ ቶሪካን በወገቧ መያዝ ተወች፤ በራግቢ ክልክል ቢሆንም አንገቷን እየያዘች ትጥላት ጀመር።

ፔናያ የሚሰማው ድምፁን ብቻ ነበር። ቀና ሲል እህቱ ወድቃለች፣ ኳሱ ሄዷል። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው የቶሪካ ከንፈር ደማ።

ሴሬማ እየሮጠች መጣች። “ጋሽ ፔናያ፣ አንገቷን እኮ ነው የምትይዛት።”

“ያላየሁትን አልነፋም።”

“እንዴት ያያሉ? ዓይንዎ ጫማዎ ላይ ነው።”

ከዳርም ቫራኒሴሴ ቀጠለች። “ነፋሱ ቆርቆሮህን ሲወስድ ዓይንህንም ወሰደው እንዴ?” በዚህኛው የሳቀ ጥቂት ሰው ነው።

ፔናያ እንዲህ መሬት መሬት ያየበትን ሌላ ቀን አስታወሰ። ቶሪካ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ከባሕሩ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ሁለቱንም ተቀብሏል። አባታቸው ልጅቷ ትቅር አለ። እሷን የጠየቃት ሰው የለም። ፔናያ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ አባቱ የሚሰማው ደግሞ እሱን ነው። እሷስ ምን ትላለች፣ ማለት ይችል ነበር። ምንጣፉን አየ። በማግስቱ ጀልባው ላይ ብቻውን ወጣ። ይህ ዕዳ እንዳለበት ለማንም አልተናገረም። ረስቶትም አያውቅም።

አራት ደቂቃ ቀርቷል። ዋይኒሳቪ አሥራ ሦስት፣ ናይሳሌ አሥር። ኳሱ ወደ ቶሪካ መጣ። ፔናያ ዓይኑን አላወረደም።

እህቱን አያት። ከግንባሯ በላይ ሸብታለች፤ አያውቅም ነበር። ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ፣ ኳሱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ገባች። ኡናይሲ ከጎን መጣች፤ ክንዷ ተነሣ፣ የቶሪካ አንገት ላይ አረፈ።

ፊሽካው ሜዳውን ሰነጠቀው።

“ስድስት ቁጥር። አንገት ነው። ቢጫ፣ አሥር ደቂቃ ውጪ።”

ኡናይሲ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። “አዩኝ እንዴ?”

“አየሁሽ።”

“ምነው ዛሬ ጉዴ ፈላ፣” አለችና እየሳቀች ወጣች።

ሴሬማ መልእክቱን ልትቀበል ከፊቱ ቆመች። ፔናያ በእጁ ገለል አደረጋት።

“አንቺን አይደለም።”

ቫራኒሴሴ የጀመረችውን ስድብ ከአፏ መለሰችው። ሕፃን ይዘው የነበሩ ሴቶች ሕፃናቸውን አቀፍ አደረጉ። ናይሳሌዎች እርስ በርስ ተያዩ።

“አምበል፣” አለ ፔናያ። ፊት ለፊት እያያት ነው። ድምፁ ሃያ ዓመት ሲናገርበት የኖረው የዳኛ ድምፅ ነው። “ቅጣቱ የእናንተ ነው። ወደ ቋሚው መትታችሁ ሦስት ነጥብ መሞከር ትችላላችሁ፤ እኩል ትሆናላችሁ። ወይም ሁለቱ ቡድን ተቃቅፎ ይገፋፋል፣ ኳሱን መሃል የምትከቱት እናንተ ናችሁ፤ መስመሩን ካሻገራችሁት አምስት ነጥብ ነው። አንቺ ምን ትመርጫለሽ?”

ቶሪካ ከንፈሯን በእጅጌዋ ጠረገች። እንደ ልማዷ ሴሬማን ፈለገች። ሴሬማ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ታስራለች፤ ክሩ አልተፈታም ነበር።

ፔናያ ጠበቀ። ሰዓቱን አላየም።

ቶሪካ ቀና አለች።

“እንገፋለን፣” አለችው።

ፔናያ በተረከዙ ጭቃው ላይ ጭረት አሰመረ። እህቱ መጥታ በጭረቱ ላይ ቆመች፤ ሁለት እጇንም ዘርግታ ጓደኞቿን ጠራች።