«አይ» የጠፋበት መስኮት

ቶርኪል ወንበሩን ወደ ዶርቴ ጠረጴዛ አስጠግቶ ለአራተኛ ጊዜ ያንኑ ጠየቃት። «እስቲ ምዝገባው የጠፋ ቀን እንዳደረግሽው አድርጊና አሳዪኝ።»

ዶርቴ የቲኬት ቢሮውን በር ዘግታ ተመለሰች። «ለኬልድ አትነግርም?»

«ምኑን?»

«መጀመሪያ አልነግርም በል።»

«አልነግርም» አለ ቶርኪል። ደክሞታል፤ ምንም ብትጠይቀው እሺ ይል ነበር።

ከዛሬው በፊት በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ በጠዋቱ ጀልባ ወደ ደሴቲቱ መጥቷል። ሦስቱንም ጊዜ ኮምፒውተሯን ሲሞክረው፣ እሱ የሠራው አዲሱ የቲኬት ፕሮግራም ያለ እንከን እንደ ውሃ ፈሰሰ። እሱም «ስህተቱ የሠራተኛዋ ነው» ብሎ ጽፎ ሄደ። ሦስተኛውንማ ከሁለተኛው ገልብጦ ነው የላከው።

በነዚያ ወራት ዶርቴ የመዘገበቻቸው አራት መኪኖች በጀልባው ላይ ቦታ አጥተዋል። አራተኛው የሽማግሌው አክሰል የሬሳ መኪና ነበር። ሟች ማዶ ወደብ ላይ አደሩ፤ ለቀስተኛው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ ቀረ። ሦስት መቶ ሰው በሚኖርበት ደሴት እንዲህ ያለ ነገር አይረሳም። አለቃዋ ኬልድም የቶርኪልን ሦስተኛ ወረቀት ይዞ፣ አንድ ጊዜ ከተደገመ ከጠረጴዛው ትነሻለሽ ብሏታል።

ዶርቴ አንድ ሁለት ቦታ ነካች። በስክሪኑ ላይ ያለው ፊደል ሁሉ አበጠ።

«ጠዋት ስገባ አተልቀዋለሁ። ስወጣ፣ አንተም ስትመጣ፣ ወደ ድሮው እመልሰዋለሁ። ዓይኔ ከከዳኝ ሁለት ዓመት ሆነው። ለጡረታዬ የቀረኝ አሥራ አራት ወር ነው፤ ማን ያውቅብኛል ብዬ ነው።»

ከዚያ አንድ ምዝገባ ከፈተች። «የማተሚያውንና የመሰረዣውን ቁልፍ ጎን ለጎን አድርገሃቸዋል። ሰልፍ ሲበዛ እጅ ይስታል» ብላ መሰረዣውን ነካችው።

ትንሿ መስኮት ብቅ አለች። ፊደሉ አድጓል፤ መስኮቷ ግን አላደገችም። «ይህ ቦታ ይሰረዝ?» የሚለው ጥያቄ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷታል። ከሥሩ «አዎ» አለ። «አይ» ግን ከታችኛው ጠርዝ ሥር ገብቶ አይታይም። መስኮቷን የሚዘጋውን የማዕዘኑን ምልክት ደግሞ ቶርኪል ራሱ ነው ያጠፋው፣ ሰው ሳይመልስ እንዳያመልጥ ብሎ። ኮርቶበትም ነበር።

«ታዲያ ምን ታደርጊ ነበር?»

«አዎ እላለኋ። ሌላ በር መች ተውክልኝ? ከዚያ የሰረዝኩትን በቃሌ ይዤ እንደገና እመዘግባለሁ። አራቱን ረሳኋቸው።» ድምጿ ቀነሰ። «አክሰልን ረሳሁት።»

ቶርኪል አፈረ። የመስኮቷን ስፋት በስክሪን ነጥብ ቆጥሮ፣ በራሱ ስክሪንና በራሱ ዓይን ልክ ነበር የሠራት፤ የራሱን ትከሻ ለክቶ ለአገሩ ሁሉ ኮት እንደሚሰፋ ሰው። ላፕቶፑን አውጥቶ መስኮቷ ከፊደሉ ጋር እንድታድግ አደረገ። ሥራው አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም፤ ያናደደውም እሱ ነው። ዶርቴ እንደገና መሰረዣውን ስትነካ «አዎ» እና «አይ» ጎን ለጎን፣ ጉልህ ሆነው ወጡ።

ኮሪደሩ ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። የዶርቴ እጅ እንደ ልማዱ ፊደሉን ሊያሳንስ ተንቀሳቀሰ፤ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ።

ኬልድ በሩን ከፈተ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል። «እህስ፣ ጥፋተኛው ተገኘ?»

«ተገኘ» አለ ቶርኪል። «እኔ ነኝ። ሦስቱንም ወረቀት ቅደድልኝ።»

«ታዲያ እንዴት በሷ ኮምፒውተር ብቻ?»

ቶርኪል ቃል ገብቷልና ወደ እጁ አየ።

«ፊደሉን አተልቀዋለሁ፣ ኬልድ» አለች ዶርቴ። «ዓይኔ ደክሟል። ሁለት ዓመት ደብቄሃለሁ።»

ኬልድ እዚያው በሩ ላይ እንደቆመ፣ መነጽሩን ሳያወርድ፣ ስክሪኑን አየ።

«ይህ ቦታ ይሰረዝ?» ብሎ ቀስ ብሎ አነበበ።

ከዚያ መጥቶ በዶርቴ ትከሻ በኩል አጎነበሰና «አይ»ን ነካ።