ማኪና በአመድ ያጠቡት አባት

«ማኪና ድስት መሰለህ?! ማኪና በአመድ ይፈገፈጋል?!»

ወንዴ ከማኪናው ወርዶ በሩን ጓ አድርጎ ዘጋው…

አባቱ አያ አድማሴ ከኋላ ወንበር ቀስ ብለው ወረዱ። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከረጢታቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው። (ስማቸውን ቀይሬዋለሁ።)

አዲስ ለሆናችሁ… እኔ የዚህ ፔጅ አድሚን አዘዞ መንገድ ዳር የማኪና ፖሊሽ ነው የምሠራው። ብዙ የተጫረ ማኪና አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ግን አይቼ አላውቅም!

ጥቁር ሰማያዊ፣ አሮጌ ኮሮላ ናት። ከኮፈኗ እስከ ኋላዋ ቀለሟ ክብ ክብ እየሠራ ተጭሯል…

«ይሄን አጥፋልኝ» አለኝ ወንዴ። ከዚያ ወደ አባቱ ዞረ። «ከጭልጋ ድረስ የመጣኸው ንብረቴን ልታወድም ነው? ሰው በሳሙና ያጥባል! ገጠሬ!»

መንገደኛው ቆሞ ያያል… የባጃጅ ሹፌር ይስቃል…

ሽማግሌው አንዲት ነገር ብቻ ተናገሩ።

«ጉድፍ አየሁባት ልጄ… ላጠራልህ ብዬ ነው።»

«ጉድፍ?! አቧራ ነው እሱ! በል፣ የጭልጋ አይከል ሚኒባስ በዚህ ያልፋል፣ ተሳፈርና ሂድ። ሁለተኛ ቤቴ እንዳትመጣ!»

ባጃጅ ይዞ ሄደ። አባቱን መንገድ ላይ ጥሎ!

ደሜ ፈላ። አፌ ላይ የመጣውን ስድብ የዋጥኩት ለሽማግሌው ስል ነው።

ወንበር ሰጠኋቸውና ሥራዬን ጀመርኩ።

ጭረት የሚታየው በመብራት ነው። መብራቴን አስጠጋሁ… ኮፈኑ ላይ ያለው ላይ ላዩን ነው፣ ፖሊሽ ያነሳዋል። የግራው የፊት በር ግን ቀለሙ እስኪሳሳ ተፈግፍጓል። በእጀታው ሥር ደግሞ የተረፈ ቀይ ቀለም አለ…

መብራቱን ወደ ጎን አዞርኩት።

ፊደል!

ሁለት ፊደል… በሩን የሚያህል።

«ሌባ»

ዞሬ አየኋቸው። ጥፍራቸው ሥር ቀይ ነው። እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጉ።

«አያ አድማሴ… ይሄን አንብበውት ነው?»

«ዳዊት የደገምሁ ሰው ነኝ እኮ ልጄ… ምነው፣ ሁለት ፊደል ያቅተኛል?»

ከዚያ ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ከኪዳን ሲመለሱ ነው ያዩት። ቀለሙ ገና አልደረቀም… ሰፈሩ ከእንቅልፉ ሊነሳ ነው። ሳሙና የት እንዳለ አያውቁም፣ ልጃቸውን መቀስቀስ ደግሞ ፈሩ። ከምድጃው አመድ ዘገኑ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ቁራጭ በውሃ ነከሩ… ፈገፈጉ።

«በሩን ብቻ ባጠራው፣ እዚህ ጋ ምን ነበረ ብሎ ይጠይቀኛል ብዬ… ሁሉንም አሸሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩትም?! እንዲህ ሲያዋርድዎት!»

ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ የመጋዘን ኃላፊ ነው… ለገበሬው ማዳበሪያ የሚያከፋፍል። ዘንድሮ እኛ አገር አልደረሰንም። ክረምቱ ገባ፣ መሬቴ ጦሙን ሊያድር ነው። እሱን ልጠይቀው ነው የመጣሁ። ማታ ስጠይቀው ‹አልቋል› አለኝ… ጠዋት መልሱን በሩ ላይ አነበብሁት።»

ጉድ በል ጎንደር!

የገበሬውን ማዳበሪያ፣ የገዛ አባቱን ሳይቀር፣ ሸጦ ይበላል… አባቱ ደግሞ ስሙን ሊያጠራለት እጁ እስኪላጥ ይፈገፍጋል!

ሚኒባሱ መጣ። ሊሳፈሩ ሲሉ እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙት።

«ማንበቤን እንዳትነግረው፣ በሚካኤል ይዤሃለሁ! አላዋቂ ነው ብሎ ቢሰድበኝ ይሻለኛል። ካወቀ አፍሮ ዓይኔን አያይም… ልጄን አጣዋለሁ። ሸጋ ልጅ ነበር እኮ…»

ሄዱ።

እኔስ? ብናገር ሚካኤል አለ… ዝም ብል ደግሞ እርር ድብን ልል ነው!

ማኪናዋን ስፈትግ ዋልኩ። መስታወት አስመሰልኳት። ያን በር ግን አልነካሁትም።

አመሻሽ ላይ ወንዴ መጣ። ዞራት… ፈገግ አለ… በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄን ረሳኸው እንዴ?»

መብራቱን ከጎን አበራሁለት። አንዲት ቃል አልተናገርኩም።

አነበበው።

ፊቱ ጠቆረ… አሁን ስለ አባቱ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ…

«ማነው የጻፈው?!» ብሎ ጮኸ። «እገለዋለሁ! ማነው የጻፈው?!»

አልቻልኩም!

«ማን እንዳጠፋው አትጠይቅም?!» አልኩት።

ወደ ማኪናዋ ዞረ።

በሩን አየ… ጭረቱን በጣቱ ዳሰሰው… ዳሰሰው…

«አባቴ… ማንበብ ይችላል» አለ።

እዚያው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። ሚኒባሱ ከሄደ ስድስት ሰዓት አልፎታል። ሰው ጨካኝ ይበለኝ፣ አላዘንኩለትም!

ወገኖቼ… ወላጅ ነውራችሁን ዝም ብሎ የሚሸፍነው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። አንብቦ ነው። ገብቶት ነው። የወላጅ አንጀት ሆኖበት ነው። እናንተ ግን «አያውቅም» እያላችሁ ትጮኹበታላችሁ። እፈሩ እንጂ!

አሁን እናንተን ልጠይቅ… በሚካኤል ተይዤ ሳለ መብራቱን ማብራቴ አደራ መብላት ነው? እናንተ ብትሆኑ ያን በር አጥፍታችሁ ትሰጡት ነበር ወይስ ታስነብቡት ነበር? እውነቱን ጻፉልኝ… ስድብም ከሆነ እችላለሁ።